ወንበሩን ተረክበናል፤ እውቀቱንስ?

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ 60 ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ ክሊራንስ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ይዞራሉ። ንብረት ክፍል ወንበራቸውን፣ ኮምፒውተራቸውንና የሸልፉን ቁልፍ ቆጥሮ ይረከባል። ፋይናንስም ዕዳ እንደሌለባቸው አይቶ ይፈርማል። በሠላሳ ዓመት ያካበቱትን እውቀት ግን የሚረከባቸው የለም፤ ቅጹ ላይም ቦታ አልተተወለትም።

ጉድለቱ ሳምንት ሳይሞላ ይታያል። እሳቸው የባለጉዳዩን ስም ብቻ ሰምተው ፋይሉ ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። የቤት ቁጥር ሲቀየር ሳይዛወሩ የቀሩት መዝገቦች የትኛው ጥግ እንደተከመሩም አይጠፋቸውም። ተተኪው ይህን ከየት ያምጣው? ባለጉዳዩ «ፋይልዎ አልተገኘም፣ ሰኞ ይመለሱ» ይባላል።

እንዲህ ያለው እውቀት ከአንዱ ወደ ሌላው የማይተላለፍበት አንዱ ምክንያት ጠባዩ ነው። ሊጥ ምን ያህል አብሲት እንደሚበቃው እናት ብትናገር ልጅ አይገባትም፤ አብረው ሲያቦኩ ግን እጇ ይለምደዋል። ማይክል ፖላኒ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ያሳተመው መጽሐፍ ስለዚሁ፣ በቃል ተዘርዝሮ ስለማያልቅ እውቀት ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ዜጋው ከመንግሥት አካላት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በሰው ጭንቅላት ያለውን ግን አዋጅ አያስከፍተውም።

ሌላው ጥቅም ነው። «እሱ ከሌለ ሥራው አይሄድም» መባል ለሠራተኛው ኩራትም ዋስትናም ነው። ባልደረባውን ማስተማር በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ ነጥብ ካላስገኘለት፣ የሚያውቀውን በግል ፍላሹ ይዞ ይቀመጣል።

ፍርሃትም አለ። ስህተቱን በስብሰባ ያመነ ሰው ግምገማ ላይ ስሙ የሚነሳ ከሆነ፣ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ያው ስህተት በሌላ ሰው እጅ ይደገማል። መዋቅር በተጠና ቁጥር ደግሞ ሠራተኛው የጀመረውን ሳያስረክብ ወደ ሌላ ክፍል ይደለደላል።

መላው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ተተኪው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ይመደብና ከነባሯ ሠራተኛ ጋር አብሮ ይሥራ። ቃለ ጉባኤ ላይ ውሳኔው ብቻ ሳይሆን ምክንያቱም ይስፈር። ማስተማር በምዘናው ነጥብ ያስገኝ። ክሊራንሱ ላይም «ሥራውን ተምሬያለሁ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር፤ እሱን ግን የሚፈርመው ተተኪው ይሁን።