ለሠራተኞች ጫማ ሲገዛ ትኩረት የሚሻው መካከለኛ ሶል

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጥበቃ፣ ለጽዳት፣ ለሕክምናና ለመስክ ሠራተኞቻቸው ጫማ ይገዛሉ። በግዥ ሰነዱ ላይ የጫማው ቀለም፣ ቁጥርና የቆዳው ዓይነት በዝርዝር ሊሰፍር ይችላል። ከውጭ በቀላሉ የማይለየው የመካከለኛው ሶል ጉዳይ ግን ሳይነሳ ከታለፈ፣ በመልኩ የተመረጠው ጫማ አገልግሎቱን ሳይጨርስ ከጥቅም ውጪ ሊሆን ይችላል።

መካከለኛ ሶል የሚባለው መሬት በሚነካው የታችኛው ሶልና እግር በሚያርፍበት ገበር መካከል ያለው ክፍል ነው። ተግባሩም ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚፈጠረውን ግፊት ማለዘብ፣ የሰውነትን ክብደት በመርገጫው ላይ ማከፋፈልና እግርን መደገፍ ነው። በአብዛኛው የሚሠራው በውስጡ ጥቃቅን የአየር ቋቶች ካሉት ስፖንጅ መሰል ቁስ ነው።

በስፋት ከሚታወቁት ቁሶች አንዱ በአጭሩ ኢቫ ተብሎ የሚጠራው ኤቲሊን ቪኒል አሲቴት ነው። በሩጫ ጫማዎች ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ነጠላ ጫማዎችም ከዚሁ ቁስ ይሠራሉ። ቀላል፣ ርካሽና ውኃ የማይመጥ ነው። ይሁንና ክብደት በተደጋጋሚ ሲያርፍበት የአየር ቋቶቹ ተጨፍልቀው ይቀራሉ፤ ሙቀት ሲበረታም ይለሰልሳል። በመሆኑም ለእግር ጉዞ፣ ለቢሮና ለሕክምና ሠራተኞች ቀላል ጫማዎች ተስማሚ ሲሆን፣ ሸክም ይዘው ለሚውሉ ሠራተኞች ግን ፈጥኖ ያልቃል።

ሁለተኛው ፖሊዩሬቴን ነው። ብዙ ጊዜ ከኢቫ እጥፍ ገደማ ቢከብድም ውፍረቱን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። በፈሳሽ መልክ በጫማው ቅርጽ ላይ ተረጭቶ ስለሚጠነክር ከላይኛው ቆዳ ጋር በደንብ ይጣበቃል። ለጥበቃና ለግንባታ ሠራተኞች ቦት ጫማዎች የሚመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የፖሊዩሬቴን ዋነኛ ጠላት እርጥበት ነው። በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት የቁሱን ኬሚካላዊ ትስስር ቀስ በቀስ ይበጥሳል፤ ሙቀት ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል። ከዚህም የተነሳ በመጋዘን ለዓመታት የተቀመጠ፣ አንድም ቀን ያልተረገጠ ጫማ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ሊፈረፈር ይችላል። ፖሊኤስተር ከተባለው መነሻ የሚሠራው ዓይነት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ሲሆን፣ ከፖሊኤተር የሚሠራው እርጥበትን የተሻለ ይቋቋማል። እንደ ጋምቤላ ላሉ ሞቃትና እርጥበታማ አካባቢዎች በሚፈጸም ግዥ ይህ ልዩነት ሊታሰብበት ይገባል።

ትኩስ ነገር ለሚረግጡ ሠራተኞች ደግሞ የታችኛው ሶል ጎማ መሆኑ ተመራጭ ነው። አይኤስኦ 20345 በተሰኘው ዓለም አቀፍ የደህንነት ጫማ ደረጃ መሠረት ሙቀት የሚቋቋም ሶል በ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ደቂቃ ይፈተናል። ደረጃው የጣት መከላከያው 200 ጁል ምት እንዲቋቋም የሚያዝ ሲሆን፣ ተረከዙ ግፊት የሚያለዝብ ተብሎ ምልክት ለሚሰጠው ጫማ ደግሞ 20 ጁል እንዲያረግብ ይጠይቃል። ስፖንጁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የጣት መከላከያን አይተካም።

ውድ የሆነው ቁስ ለሁሉም ተስማሚ እንዳልሆነ ከአትሌቲክሱ መረዳት ይቻላል። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ በ2018 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በተፈተኑት የሩጫ ጫማዎች ፔባ የተባለው ስፖንጅ የተጨመቀበትን ኃይል 87 በመቶ ሲመልስ፣ ኢቫ 66 በመቶ ገደማ መልሷል። አትሌት ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ በ2023 በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር የተጫማችው ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር። አምራቹ ጫማውን ያዘጋጀው ግን ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ ነው። የሶል ውፍረትም ገደብ አለው። አትሌት ደራራ ሁሪሳ እ.ኤ.አ በ2021 የቪየና ማራቶንን በአንደኝነት ቢያጠናቅቅም፣ የጫማው ሶል ከተፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር በልጦ በመገኘቱ ውጤቱ ተሰርዟል።

እንግዲህ ለሁሉም ሥራ የሚሆን አንድ ስፖንጅ የለም። የግዥ ኮሚቴዎች አስቀድመው ጫማውን ማን፣ የት፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚጫማው ለይተው የሶሉን ቁስ በሰነዱ ላይ ሊያሰፍሩ ይገባል። የምርት ቀኑን መጠየቅ፣ ናሙናውን ለሠራተኛ ሰጥቶ ለጥቂት ሳምንታት ማስሞከር፣ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ከመያዝ መቆጠብና በደረቅና ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣትም ተገቢ ነው። እነዚህ ጥንቃቄዎች የሠራተኛውን ጤንነት ከመጠበቅ ባሻገር የሕዝብን ገንዘብ ከብክነት ያድናሉ።