«መብራቱ በርቷል፤ ቫልቩ ተዘግቷል»፦ የቫልቭ ሊሚት ስዊች ተረትና እውነታ

የቫልቭ ፖዚሽን ትራንስሚተር ከቫልቩ ዘንግ ጋር ተያይዞ ዘንጉ የት እንደደረሰ ለኮንትሮል ሩም የሚያሳውቅ መሣሪያ ነው። በተለመደው አሠራር 4 ሚሊአምፔር ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን፣ 20 ሚሊአምፔር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ 12 ደግሞ እኩሌታውን ያመለክታል። ብዙ ጊዜ በዚያው ሳጥን ውስጥ ሁለት ሊሚት ስዊቾች ይኖራሉ፤ አንዱ «ተዘግቷል»፣ ሌላው «ተከፍቷል» የሚለውን መብራት ያበራሉ። በአዋሽ ዳር ያለችው ሶደሬም ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለችም። ከቆቃ ግድብ በታች አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የውሃ ኃይል ማመንጫዎች በአካባቢዋ ናቸው፤ የወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካም ጎረቤቷ ነው። ግፊት ያለው ውሃ ወይም እንፋሎት በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የቫልቭን ቦታ ማወቅ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ተረት «መብራቱ ከበራ ቫልቩ ተዘግቷል» የሚለው ነው። እምነቱ ከባዶ አልመጣም። ስዊቹ በአብዛኛው እውነቱን ይናገራል፤ ኦፕሬተሩም ለእያንዳንዱ ቫልቭ እየተነሣ ሊሮጥ አይችልም። ነገር ግን ስዊቹ የሚያውቀው የተያያዘበትን ዘንግ ብቻ ነው። ዘንጉን ከውስጡ መዝጊያ ጋር የሚያገናኘው ፒን ከተቆረጠ ዘንጉ ይዞራል፣ መዝጊያው ባለበት ይቀራል፣ መብራቱ ግን ይበራል። ስዊቹን የሚገፋው ካም ከላላም ቫልቩ ሳይዘጋ «ተዘግቷል» ሊባል ይችላል። በመዝጊያውና በመቀመጫው መካከል የገባ ጠጠር ወይም ደለልም አለ፤ ስዊቹ ከመጨረሻው ቀደም ብሎ እንዲሠራ ከተስተካከለ ያችን ቀሪ ክፍተት አያያትም። ደለል በአዋሽ ላይ የሩቅ ስጋት አይደለም፤ የቆቃ ሐይቅ በደለል መሞላት የቆየ ችግር ነው።

መብራትን ማመን የሚያስከትለውን ጉዳት ዓለም እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ፣ በስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ማመንጫ አይቷል። አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ተጣበቀ። የኮንትሮል ሩሙ መብራት ግን ያሳይ የነበረው ለቫልቩ የተላከውን የኤሌክትሪክ ትዕዛዝ እንጂ ቫልቩ ያለበትን ቦታ አልነበረም። ኦፕሬተሮቹ ተዘግቷል ብለው አመኑ፤ የማቀዝቀዣው ውሃ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስ ቆየ፤ የሪአክተሩም እምብርት በከፊል ቀለጠ። ከዚያ በኋላ የእንዲህ ያሉ ቫልቮች ትክክለኛ ቦታ በቀጥታ እንዲታይ ግዴታ ሆነ።

ስለዚህ ለአዲስ ሠራተኛ «መብራቱን አይተህ ፍላንጁን ፍታ» ብሎ ማስተማር ይቅር የማይባል ጥፋት ነው። ልምድ አለኝ የሚል ሰው ሲናገረው ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ ወጣቱ ያምነዋልና። መብራቱ ለሥራ አመራር መረጃ ነው፤ መስመር ለመክፈት ፈቃድ አይደለም። መስመር የሚከፈተው ቫልቩ በቁልፍ ተቆልፎ፣ የኃይል ምንጩ ተቋርጦ፣ መስመሩ ፈስሶና ተንፍሶ፣ ግፊት አለመኖሩ በቦታው ሲረጋገጥ ነው፤ ሰው ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ መስመሩ በብላይንድ (በመድፈኛ የብረት ሳህን) ይታፈናል።

ሁለተኛው ተረት «ስዊቹ የሚስተካከለው ልክ በጉዞው መጨረሻ ነጥብ ላይ ነው» ይላል። ጥንቃቄ ይመስላል። ሆኖም በማያያዣው ክንድ ላይ ልልነት አለ፣ ብረት በሙቀት ይለጠጣል፣ ስዊቹም የሚሠራበትና የሚመለስበት ነጥብ ይለያያል። ጉዞው 100 ሚሊሜትር በሆነ ቫልቭ ላይ የ3 ሚሊሜትር ልልነት 3 በመቶ፣ ማለትም 0.48 ሚሊአምፔር ነው። ጫፍ ላይ የተቀመጠ ስዊች በዚህ ልዩነት ምክንያት መስመሩ ሲሞቅ መብራቱን ሳያበራ ይቀራል፤ ከዚያም አንዱ ተሰላችቶ ስዊቹን በሽቦ ያልፈዋል (ጃምፐር ያደርግለታል)፣ ጥበቃውም በዚያው ያበቃል። ስዊቹን ከልክ በላይ ማስቀደምም የባሰ ውሸት ነው። ትክክለኛው መጠን በአምራቹ መመሪያና በቫልቩ ሥራ ይወሰናል፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም።

ቅደም ተከተሉ ግን ግልጽ ነው። መጀመሪያ የቫልቩ እውነተኛ ጫፎች ይረጋገጣሉ፤ ከዚያ የትራንስሚተሩ 4 እና 20 ሚሊአምፔር በእነሱ ላይ ይስተካከላል። የ«ተዘግቷል» ስዊች ቫልቩ ወደ መዘጋት ሲጓዝ፣ የ«ተከፍቷል» ስዊች ወደ መከፈት ሲጓዝ ይቀመጣል። የሁለቱም መመለሻ ነጥብ ይታያል። በሥራ ላይ ባለው የአየር ግፊት ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ መስመሩ ከሞቀ በኋላም እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

«ትራንስሚተሩ ከተስተካከለ ስዊቹም ተስተካክሏል» የሚባለው በካም ለሚሠሩት ሐሰት ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይስተካከላሉ። ስዊቹ ከትራንስሚተሩ ምልክት የሚመነጭ ከሆነ ደግሞ የሁለቱ መስማማት ምንም አያረጋግጥም፤ አንድ ብልሽት ሁለቱንም ያሳስታል። «በጣት ሲጫኑት መብራቱ ከበራ በቂ ነው» የሚሉም አሉ፤ ያ የሚፈትሸው ሽቦውን ብቻ ነው። «ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የመጣው» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፦ ፋብሪካው ቦታው ላይ የተገጠመውን ክንድ አላየውም።

መዝገቡ ላይ ከማስተካከያው በፊት የተገኘውም፣ በኋላ የተተወውም ንባብ ሊጻፍ ይገባል። የኋለኛው ብቻ ከተጻፈ ካሙ በየጊዜው ምን ያህል እየሸሸ እንደነበር የሚታወቅበት መንገድ አይኖርም።