የጠፋ መነጽር፣ የጠፋ ጥርስ፤ የመርሳት በሽታ ላለባቸው ወላጆቻችን ይተካ ወይስ ይቅር?



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ በየቤቱ ግን ወንድምና እህትን ያኳርፋል። አባት ወይም እናት ዕድሜያቸው ገፍቶ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል፤ ከዓይነቶቹ ውስጥ ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው አልዛይመርን ነው። አንድ ቀን መነጽራቸው ወይም ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ይጠፋል። አንዱ ልጅ «ዛሬውኑ ይሠራላቸው» ይላል። ሌላው «ባለፈው ዓመትም ጥለውታል፣ ነገም ይጥሉታል፤ ደግሞስ አሁን ምን ያነቡበታል?» ይላል። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። ይሁን እንጂ «ድጋሚ ይጠፋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ሊጠፋ ይችላል» ነውና። መጠየቅ ያለበት «ያለ እርሱ ምን ያጣሉ? አዲሱን ለመቀበልስ አቅሙ አላቸው?» ተብሎ ነው። እንዲህ ሲመዘን የመነጽርና የጥርስ መልስ ይለያያል።

መጀመሪያ ይፈለግ

የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ዕቃ የሚያስቀምጠው እኛ በምንገምተው ቦታ አይደለም። ጥርሱ በሶፍት ተጠቅልሎ ከቆሻሻ ጋር ይጣላል፤ ከገበታ ከተነሳ ትርፍራፊ ጋር ለፍየል ይሰጣል፤ ትራስ ሥር፣ ጀለቢያ ኪስ ውስጥ፣ በታጠፈ መስገጃ መሐል ይገኛል። በእኛ ቤቶች ደግሞ አንድ ልዩ ቦታ አለ፤ ውዱእ የሚደረግበት። ፊት ሲታጠብ መነጽር፣ አፍ ሲጉመጠመጡ ጥርስ ይወልቃል፤ ይህም በቀን እስከ አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ስለዚህ የመስጊዱ ውዱእ ማድረጊያ ጠርዝ ሳይታይ፣ የመስጊዱ ኻዲምም ሳይጠየቅ «ጠፋ» አይባል።

አንድ ነገር ግን ጊዜ አይሰጥም። ጥርሱ ከጠፋ በኋላ አዛውንቱ ካሳላቸው፣ ምራቃቸው ከተዝረከረከ ወይም ምግብ አልወርድ ካላቸው ጥርሱን ውጠውት ጉሮሯቸው ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ። ለሐኪሙም ጥርስ መጥፋቱን በግልጽ ንገሩት። ከፕላስቲክ የተሠራ ጥርስ በራጅ ላይታይ ይችላል።

መነጽር

ስለ መነጽር ያለን አስተያየት አጭር ነው፤ ሲጠቀሙበት ከነበረ ይተካ፣ ቶሎም ይተካ። መነጽር የንባብ ብቻ አይደለም። አእምሮ ሲደክም ዓይን የሚያመጣለትን ጎዶሎ ነገር በግምት ይሞላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ ሰው ይመስላል፤ የልጅ ፊት የባዕድ ፊት ይሆናል፤ የበሩ ደፍ ሳይታይ ቀርቶ ይጥላል። ማታ ማታ «ቤት ውስጥ ሰው አለ» ማለት ይመጣል። በአካባቢያችን እንዲህ ሲሆን ቶሎ የሚጠረጠረው ጂን ነው። ሩቅያ መደረጉን አንቃወምም፤ ግን መነጽራቸው የት እንዳለ፣ ዓይናቸውስ ለመጨረሻ ጊዜ በሐኪም የታየው መቼ እንደሆነ አብሮ ይጠየቅ። ዕድሜ ልኩን ቁርኣን ሲቀራ የኖረ ሰው የልጆቹን ስም እየረሳም ቢሆን ሙስሐፉን ዘርግቶ መቀመጥ ይወዳል። ፊደሉ ሲታየውና ሳይታየው አንድ አይደለም።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ያልታከመ የማየት ችግር ራሱ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ መሆኑን ጨምሮ ዘርዝሯል። መነጽር የመርሳት በሽታን አያድንም፤ በጨለማ ላይ ጨለማ እንዳይደረብ ግን ይረዳል።

ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ዓይኑ ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት መሠረት በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያስከትለው የዓይን ሞራ ነው። መነጽሩ ሳይጠፋም በፊት እየደበዘዘባቸው ከነበረ የሚያስፈልጋቸው አዲስ ሌንስ ሳይሆን የሞራ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ከደብረ ሲና ወይም ከሸዋ ሮቢት ሆስፒታል ሪፈር አጽፎ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ካልሆነም በዓይን ሕክምና ወደሚታወቀው የአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። «ፊደሉን አይተው መመለስ አይችሉም፣ እንዴት ይለካሉ?» ለምትሉ፣ ባለሙያው ዓይን ውስጥ ብርሃን እያበራ ያለ መልስ ቁጥሩን የሚያገኝበት መሣሪያ አለ። የድሮው መነጽር ስባሪ ከተገኘም ቁጥሩ ከእርሱ ላይ ይለካል፤ ስለዚህ ስባሪውን አትጣሉ።

ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው መነጽር ቅርብ ለማየት ብቻ ያገለግላል። እርሱን አድርገው ከተራመዱ መሬቱ ስለሚምታታባቸው ይወድቃሉ። ከላይና ከታች ሁለት ቁጥር ያለውንም ከዚህ በፊት ላልለመደ አዛውንት ባትጀምሩት ይሻላል። መነጽሩን እየደጋገሙ የሚያወልቁ ከሆነ መጀመሪያ ይታጠብ፣ ጆሮ ላይ የሚጠብቅ መሆኑም ይታይ። በሽታው ከገፋና አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ግን ሲያደርጉላቸው የሚጨነቁ ከሆነ መተዉ እዝነት ነው።

ጥርስ

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። መነጽር ጆሮ ላይ ይሰካል፤ ጥርስን ግን ምላስ፣ ከንፈርና ጉንጭ ተባብረው ነው የሚይዙት፤ ይህም የሚለመድ ሙያ ነው። የመርሳት በሽታ የሚያጠፋው ደግሞ አዲስ ነገር የመልመድን አቅም ነው። እስከ ትናንት ድረስ በየቀኑ አድርገውት ይበሉበት ከነበረ አፋቸው ገና አልረሳውምና ሳትዘገዩ አሠሩላቸው። ሳምንታትና ወራት ባለፉ ቁጥር ድዱ ቅርጹን ይለውጣል፣ አፉም ይረሳል። ከመጥፋቱ በፊት ለወራት ሳጥን ውስጥ የከረመ ጥርስ ከሆነ ግን አዲሱም ያው ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው።

ሲሠራም የቀድሞውን መልክ የያዘ እንዲሆን ሐኪሙን ጠይቁ። የድሮ ጥርስ፣ የተሰበረም ቢሆን፣ ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ያማረ አዲስ ቅርጽ ከሚሠራላቸው ይልቅ ምላሳቸው የሚያውቀው ቢቀዳላቸው ይሻላል። ሁለቱንም መንጋጋ መቀበል ለሚከብዳቸው የላይኛውን ብቻ ማሠራት የታወቀ መፍትሔ ነው። የላይኛው ከላንቃ ጋር ተጣብቆ ይቆማል፣ ፊትን ይሞላል፣ ንግግርንም ያስተካክላል። ብዙ የሚያስቸግረው የታችኛው ነው።

ሙሉ ጥርስ በአንድ ቀን አይሠራም፤ ብዙውን ጊዜ አራት አምስት ምልልስ ይጠይቃል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በር ወጥቶ ደብረ ብርሃን ለመድረስ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። ቤቱ ውስጥ እንኳ ለሚጠፋበት ሰው ሙቀትና ብርዱ፣ መኪናውና የማያውቀው ክፍል ቀላል አይደሉም። ስለዚህ ክፍያ ሳትጨርሱ ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር እንዲሞክር ጠይቁት፤ ልክ መውሰጃው አፋቸው ሲገባ ታግሠው ይቆያሉ? ከነከሱ፣ ካስመለሳቸው፣ ካለቀሱ ነገሩ እዚያ ላይ ቢያቆም ይሻላል።

ሰውየው ገና የሚናገሩና የሚመርጡ ከሆነ ደግሞ ልጆች ከመምከራቸው በፊት እርሳቸው ይጠየቁ። «አባ፣ ጥርስዎ ይሠራልዎ?» ማለት አይከብድም። ለማኘክ ባያስፈልጋቸው እንኳ፣ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ከቡና ጎረቤት የራቁ እናት ጥርስ ማግኘታቸው ለብቻው በቂ ምክንያት ነው።

ካልተተካስ ምን ይብሉ?

ጥርስ የሌለው ድድ ከምናስበው በላይ ይሠራል። ችግሩ «ጥርስ የላቸውም» ተብሎ ጧትና ማታ አጥሚት ብቻ ሲሰጣቸው ነው። ሆድ ይሞላል፣ ሰውነት ግን ይከሳል። የይፋት ቆላ ለዚህ አላነሰም። በደንብ በስሎ የተፈጨ የማሾ ወጥ፣ ሽሮ፣ ለስላሳ የምስር ፍትፍት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ በጣም ደቆ የበሰለ ሥጋ፣ ገንፎ በቅቤ፣ ፓፓያና ሙዝ ይስማሟቸዋል። ተምርም ፍሬው ወጥቶ ወተት ውስጥ ከራሰ በኋላ ከተፈጨ ጥሩ ነው። ቆሎ፣ ያልተፈጨ ንፍሮና ደረቅ የዳቦ ቅርፊት ግን ያንቃሉ። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በትንሽ በትንሹ ይጉረሱ። በየጊዜው ቢመዘኑ መልካም ነው፤ ሚዛን ከሌለ የቀሚሱ ወይም የሽርጡ መስፋት ይነግራችኋል። ድዳቸውም በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ በየቀኑ ይጠረግ። ድንገት ምግብ እምቢ ካሉ አፋቸው ውስጥ ቁስል መኖር አለመኖሩን ተመልከቱ።

ወጪው

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆናችሁ ቤተሰቦች አስቀድማችሁ ዕወቁት፤ ምርመራውና ሕክምናው በመድኅኑ ቢሸፈንም ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ወጪው ከቤተሰቡ ኪስ ነው። አዛውንቱ የራሳቸው መሬት፣ ከብት ወይም ጡረታ ካላቸው ገንዘቡ መጀመሪያ የእርሳቸው ፍላጎት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሀብት ገና ውርስ አልሆነም። «ለመርሳት በሽተኛ ገንዘብ ማፍሰስ» የሚለውን ወሬ የጀመረው ማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ ቤተሰቡ ራሱን ቢጠይቅ አይከፋም።

የተተካው እንዳይጠፋ፣ ጥርሱ ሲሠራ ስማቸው ውስጡ እንዲጻፍ ሐኪሙን ጠይቁ። መነጽሩ ላይ የአንገት ማንጠልጠያ ይደረግ፤ የቁጥሩ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ በሁለት ልጆች ስልክ ይቀመጥ። ማታ ጥርሱ ወልቆ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይደር። ፈላ ያለ ውኃ ቅርጹን ያበላሸዋል። ለውዱእ ጥርስ ማውለቅን በተመለከተ ብዙ ዑለማዎች ግዴታ አይደለም ይላሉ፤ የአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቃችሁ ከተረጋገጠላችሁ አባታችሁ ወይም እናታችሁ በውዱእ ጊዜ ጥርሳቸውን ሳያወልቁ እንዲጉመጠመጡ አስለምዷቸው።