የአሰብ መንገድ ጫፍ ወዴት ሄደ?

ከሚሌ ተነስቶ ሎጊያንና ሰርዶን ያለፈ ከባድ መኪና ዲቼቶ አካባቢ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። ወደ ቀኝ የሚታጠፈው በጋላፊ ኬላ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ሌላው በኤሊዳርና በማንዳ አድርጎ ቡሬ ላይ ከኤርትራ ድንበር ይጋጠማል፤ ከቡሬ ወዲያ አሰብ ነው። ዛሬ ኮንቴይነር የጫነው ተሳቢም፣ ነዳጅ የሞላው ቦቴም ወደ ቀኝ ይታጠፋል። እስከ 1990 ዓ.ም. ግን ከዚህ መገንጠያ የሚደርሰው አብዛኛው መኪና ወደ አሰብ ይቀጥል ነበር። አንድ አውራ ጎዳና በአንድ የፖለቲካ ውሳኔ መጨረሻውን ሲቀይር ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

መንገዱ ሲወለድም ሰበቡ ፖለቲካ ነበር። አሰብን የኢጣሊያው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በ1862 ዓ.ም. ከአካባቢው ባላባቶች ገዝቶት ነበር፤ ከ12 ዓመት በኋላ የሮም መንግሥት ራሱ ተረከበው። ሆኖም ወደቡ ከመሀል አገር ጋር የሚያገናኘው ጎዳና ሳይኖረው ለብዙ ዓመታት ኖረ። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ስትይዝ ያለው ዋና የባሕር መውጫ የምድር ባቡሩ ነበር። ባቡሩ የፈረንሳዮች፣ የሚደርስበት ጅቡቲም የፈረንሳዮች። ወራሪው ጭነቱን ሁሉ በተቀናቃኙ በር እያሳለፈ ኪራይ መክፈል አልፈለገም። ስለዚህ በአምስቱ ዓመት ወረራ ከአሰብ ተነስቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጥ፣ በባቲ በኩል ኮምቦልቻና ደሴ የሚወጣ ጎዳና አስቆረጠ።

በዚያ ዘመን ከአሰብ አዲስ አበባ ለመድረስ ደጋውን ሁለት ጊዜ መጋፈጥ ግድ ነበር። መጀመሪያ ከበረሃው ወደ ባቲና ኮምቦልቻ የሚወጣው ዳገት አለ። ቀጥሎ መኪናው ወደ ደቡብ ዞሮ በሸዋ ሮቢት አድርጎ ደብረ ሲና ሲደርስ ጣርማ በር ፊቱ ይቆማል። ጣሊያኖች ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን በስተው 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አሳለፉበት፤ ሰው የሙሶሎኒ ዋሻ የሚለው ይህንኑ ነው። ለሞተሩ ዳገቱ፣ ለፍሬኑ ደግሞ ቁልቁለቱ ፈተና ነበር። ጭጋግ በወረደ ቀን ረዳቱ ወርዶ በእግሩ መንገድ ቢመራ የሚገርም አይደለም።

ከነፃነት በኋላ መንገዶቹ ጠጋኝ አጥተው ተበላሹ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ የዓለም ባንክም በዚያው ዓመት ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የኢትዮጵያ የራሷ ወደብ ሆነ። ወደቡ ሰፋ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተተከለ፣ መንገዱም ሥራ በዛበት።

በእኔ ግምት በዚህ ጎዳና ታሪክ ትልቁ የምሕንድስና ለውጥ የመጣው በ1960ዎቹ ነው፤ ብዙም አይወራለትም። ደጋውን ትቶ የአዋሽን ወንዝ ሸለቆ ተከትሎ የሚሄድ አዲስ መስመር ተሠራ። ከአዲስ አበባ በናዝሬት (በዛሬዋ አዳማ) አድርጎ አዋሽ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፎ ገዋኔን አልፎ ሚሌ ላይ ከአሮጌው ጎዳና ጋር ይገናኛል። ሙቀቱ ጎማ የሚያቀልጥ ቢሆንም መሬቱ ሜዳ ነው፤ ጣርማ በር የለም፣ የባቲ ዳገትም የለም። ለአዲስ አበባ የሚመጣ ጭነት በዚህ መውረድ ሲጀምር የአሰብ መንገድ ሁለቱን ጫፎቹን እንደያዘ ሆዱን ቀየረ ማለት ነው። ኮምቦልቻና ባቲ ለወሎና ለሰሜኑ ክፍል በር ሆነው ቀጠሉ እንጂ የዋና ከተማዋ ጭነት ማደሪያነታቸው ቀነሰ። ሾፌሩ እራት የሚበላባቸው፣ ጎማ የሚያስጠግንባቸው ቦታዎች ወደ ቆላው ወረዱ፤ ሚሌና ሎጊያ ዛሬ ያላቸው ገጽታ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ቆላው ግን የራሱ ጣጣ አለው። መንገዱ የሚያልፈው ምድር እየተሰነጠቀች በምትሄድበት በስምጥ ሸለቆው ላይ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ሰርዶን አፈራርሷታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለሳምንታት ሲናወጥ ደግሞ አስፋልቱ ላይ ስንጥቅ ታየ።

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ስትሆን እንኳ መኪናው ወደ አሰብ መሄዱን አላቋረጠም፤ አገሮቹ ወደቡን ለኢትዮጵያ ክፍት ለማድረግ ተስማምተው ነበር። ያን ሁሉ የለወጠው በግንቦት 1990 በሁለቱ አገሮች መካከል የተነሳው ጦርነት ነው። ጭነቱ በአንዴ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የዚያን ጊዜው ጅቡቲ ይህን ሁሉ ጭነት አልጠበቀም፤ ከጋላፊ ወዲያ በዲኪል የሚያልፈው መንገድም ለዚህ ብዛት አልተሠራም ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያለው ጉድጓድና አቧራ የሾፌሮች የዘወትር ምሬት የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ርቀቱ እንኳ ብዙም አልተለወጠም፤ ከአዲስ አበባ ወደ አሰብም ሆነ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ ከአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ዕለት የቡሬ ድንበር ተከፍቶ የሁለቱ አገር መሪዎች እዚያው ተገኙ። የአሰብ መንገድ ሊነሳ ነው ተብሎ ነበር፤ ከወራት በኋላ ግን ተመልሶ ተዘጋ።

አንድ ጫፍ ብቻ መያዝ የሚያስከፍለውን ያየ መንግሥት ሌሎች በሮች መፈለጉ አይቀርም። በምሥራቅ በኩል ከድሬዳዋ ደወሌ የሚደርስ የክፍያ መንገድ ተሠርቶ ወደ ጅቡቲ ሁለተኛ መስመር ሆኗል። በሰሜን ደግሞ ጅቡቲ በ2009 ዓ.ም. የታጁራን ወደብ ከፈተች፤ ከወደቡ የሚነሳው መንገድ ድንበሩ ላይ በልሆ ይደርሳል። በልሆን ከዋናው ጎዳና ጋር ለማገናኘት የተመረጠው መስመር በኤሊዳር በኩል ነው። ስለዚህ ከዲቼቶ እስከ ኤሊዳር ያለው የአሰብ መንገድ ቁራጭ፣ አሰብ ሳይከፈት፣ ለሌላ ወደብ ሲባል እንደገና ሥራ አግኝቷል።

ሌላኛው ጫፍም ባለበት አልቀረም። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት፣ በቢሾፍቱ ከተማ መሀል በባጃጅና በጋሪ መካከል ይጓዝ የነበረው ከባድ መኪና 85 ኪሎ ሜትር የሚሆን የራሱን ጥርጊያ አገኘ። ከዚያ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን የሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ቀድሞ ጉምሩክ ለመጨረስ ቃሊቲ ድረስ ይመጣ የነበረ ኮንቴይነር አሁን በአብዛኛው ሞጆ ይራገፋል። ለብዙ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የጉዞው መጨረሻ ሞጆ ሆኗል፤ ከዚያ እስከ መርካቶ ያለውን ኪሎ ሜትር ብዙውን ጊዜ አይሱዙዎቹ ይጨርሱታል።