የጋለ ብረት፣ ሎሚና የደጋ ፀሐይ

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋዎች በሰው ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ የሚታይ ሰፊ ጠባሳ ቁንጭር ትቶት ያለፈ ሊሆን ይችላል። የበሽታው መንስኤ በአብዛኛው ሊሽማኒያ ኢትዮፒካ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያሸጋግረው የአሸዋ ዝንብ ነው። በሽታው ደገኛ ነው፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ሰቆጣም ለበሽታው በሚስማማው የከፍታ ክልል ውስጥ ትገኛለች።

በቤት ከሚደረጉት ሕክምናዎች አንዱ ቁስሉን በጋለ ብረት መተኮስ ነው። ይህን ልማድ ማናናቅ አንሻም፤ ከሥሩ አንድ እውነት አለና። ተሕዋሱ ሙቀትን አይችልም። በአንዳንድ አገሮች የሚሠራበት የሕክምና መሣሪያ በሬዲዮ ሞገድ የቁስሉን ሙቀት ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርሶ ለ30 ሰከንድ ያህል ያቆየዋል። ከምድጃ ቀልቶ የወጣ ብረት ግን ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። እንዲህ ያለው ትኩሳት ተሕዋሱን ከቆዳው ለይቶ አያቃጥልም። የቆዳው ጥልቅ ክፍል ሲጎዳ ሰውነት ክፍተቱን የሚደፍነው ሥርዓቱን ባልጠበቀ የኮላጅን ክር ነው፤ ጠባሳ የምንለውም ይኸው ነው። ስለዚህ የተተኮሰ ሰው በቁንጭሩ ጠባሳ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ይጨምራል።

ሐኪሞች በተቃራኒው ቅዝቃዜንም ይጠቀማሉ። በውጭ አገር ስንማር ለመሣሪያ ማቀዝቀዣነት ብቻ የምናውቀው ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ያ በ−196 ዲግሪ የሚፈላው፣ ለካ የቁንጭር መድኃኒትም ኖሯል! በደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ አለርት በዚህ በሽታ ሕክምና ይታወቃሉ። ቁስሉ ሳይሰፋ የታከመ ሰው ጠባሳው ያንሳል።

ቁስሉ ከዳነ በኋላ የሚያስቸግረው የቀለሙ ለውጥ ነው። አዲስ ጠባሳ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘው ሜላኒን በዝቶበት ሊጠቁር ይችላል። ጨረሩም በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለገበያ ወደ አምደወርቅ በእግሩ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ የሚቀበለው ጨረር እንግዲህ ቀላል አይደለም፤ በዚያ ኬክሮስ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው።

ጥቁረቱን ለማስለቀቅ ሎሚ መቀባት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በሎሚ፣ በተለይም በልጣጩ፣ የሚገኙት ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውሑዶች ከ320 እስከ 400 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለውን ጨረር ውጠው ቆዳውን ሊያቃጥሉት ይችላሉ፤ የቃጠሎውም ምልክት ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ነው። ምንነታቸው ያልተጻፈባቸው የማንጫ ቅባቶችም ኩላሊትን የሚጎዳ ሜርኩሪ ወይም ቆዳን የሚያሳሳ ስቴሮይድ ሊኖራቸው ስለሚችል አንመክራቸውም።

በቤት የሚቻለው ቀላል ነው። የዳነውን ጠባሳ ቫዝሊን መቀባት፣ አለመፋቅ፣ ከፀሐይም መከለል። ባርኔጣና ጃንጥላ ይበጃሉ። ነጠላ ከሆነ አስቀድሞ ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ነው፤ በክሮቹ መካከል ብርሃን ከታየ ጨረሩም በዚያው ያልፋልና እጥፍ አድርጎ መከናነብ ያስፈልጋል።