ደመወዝ ተመድቦ ሰው የጠፋበት ጦር

የአየርላንድ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ከተባበሩት መንግሥታት የሰላም ተልእኮ ተለይተው አያውቁም። በ1960 ኮንጎ ሲዘምቱ የኢትዮጵያም ጦር እዚያው ነበር። ከ2001 እስከ 2003 ደግሞ አስመራ ላይ የኢትዮ-ኤርትራን ተልእኮ ዋና መምሪያ ጠብቀዋል።

በ2024 ግን አየርላንድ 130 ገደማ ወታደሮቿን ከጎላን ኮረብታዎች የሰላም ተልእኮ አስወጣች። የገፋቸው ጠላት የለም፤ ለሊባኖስ ተልእኮና ለአውሮፓ ኅብረት ፈጥኖ ደራሽ ጦር የሚሆን ሰው ማብቃቃት ነበረባት።

ነገሩ የሒሳብ ነው። በወቅቱ ለጦሩ የተፈቀደው የሰው ኃይል 9,500 ገደማ ነበር፤ በሥራ ላይ የነበረው ግን 7,500 አካባቢ። ባዶ መደብ ደመወዝ አይወስድም፤ ስለዚህ የተመደበው ገንዘብ ይተርፋል። መርከብ የሚያንቀሳቅሰው ግን የተረፈ ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው፤ በ2023 ሁለት የባሕር ኃይል መርከቦች ሠራተኛ አጥተው ወደብ ላይ ቆመዋል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2022፣ መንግሥት የአንድ ኮሚሽንን ሪፖርት ተከትሎ ጦሩ ወደ 11,500 እንዲያድግ ወስኖ ነበር። ያሉትን ማቆየት ያቃተው አገር ይህን ማለሙ ድፍረት ይጠይቃል!

የውጭ ተልእኮ ደግሞ እጥረቱን ያባብሰዋል፦ አንድ ወታደር ስድስት ወር ውጭ ሲያገለግል፣ ሌላው ለመተካት ይሠለጥናል፤ የተመለሰው ደግሞ ያርፋል። መቶ ሰው መላክ መቶ ሰው ብቻ አይፈጅም።

የተባበሩት መንግሥታት በ2022 በወሰነው ተመን ለአንድ ወታደር በወር 1,448 ዶላር ይከፍላል፤ የሚከፍለውም ለመንግሥት ነው። እንደ ፊጂ ላለች አገር ይህ ደህና ገቢ ነው። ለአየርላንድ ግን የወታደሩን ደመወዝ እንኳ አይሸፍንም።