ከኮዱ ጎን ያለው ጽሑፍ፦ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌርና የአማርኛ መመሪያው

በልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ሥር ባሉት ሱቆችና በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት አካባቢ ኮምፒውተር ጽሕፈት እንጀራ የሚበላበት ሙያ ነው። ክስ፣ መልስ፣ ውልና ማመልከቻ ሲተየብ ይዋላል። ጸሐፊዎቹ ፕሮግራሙን የሚለምዱት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ከለመደ ሰው አጠገብ ተቀምጠው ነው። የገጽ ቁጥሩ ከሦስተኛው ገጽ እንዲጀምር ወይም ሠንጠረዡ መሐል ላይ እንዳይቆረጥ የሚያደርገው ዘዴ በቃል ይተላለፋል። ዘዴውን የሚያስረዳ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ውስጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ተጠቃሚዎች ራሳቸው የሚጽፉበትና የሚያርሙበት አሠራር በዓለም ላይ ከተዘረጋ ቆይቷል። ኢትዮጵያውያንም ገና ከጠዋቱ ገብተውበታል።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሲባል ቶሎ የሚታወሰን ኮዱ ነው፤ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ሊያባዛው ይችላል። አጫጫኑን፣ አጠቃቀሙንና ችግር ሲፈጠር የሚደረገውን የሚገልጸው ጽሑፍም እንደዚያው ክፍት ነው። ስህተት ያየ ሰው አርሞ ይልካል፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች መርምረው ይቀበላሉ። የክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ኮድና ጽሑፍ የሚቀመጥበት መድረክ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባካሄደው ጥናት ከተጠየቁት 93 በመቶው ያልተሟላ ወይም ግራ የሚያጋባ መመሪያ እንዳጋጠማቸው ተናግረዋል። ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ 60 በመቶው ግን መመሪያ ላይ እምብዛም ወይም ፈጽሞ እንደማይሠሩ ገልጸዋል። ምክንያቱ የሥራው ክብደት አይመስለኝም። ምስጋናው ለኮድ ጸሐፊው ስለሚሄድ ነው።

በእኛ ታሪክ ውስጥ ግን ጽሑፉ ከኮዱ የቀደመበት ጊዜም አለ። የግዕዝ ፊደል ለሁሉም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ጫካ ሆኖ ይወጣ ነበር። በዚያ ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አዘጋጁ። «ሴራ» ራሱ ፕሮግራም አይደለም። የግዕዝ ፊደል በተራው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንዴት እንደሚጻፍ የሚደነግግ ሰነድ ነው፦ ትንሹ «ቲ» ለተ፣ ትልቁ «ቲ» ለጠ፣ ተከትሎ የሚመጣው አናባቢ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ይለያል። ሰነዱ ለማንም የተገለጠ ስለነበር ጃፓናዊው ታካሃሺ ናኦቶ ለኢማክስ፣ ማለትም ለነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ ቀደምት የጽሑፍ ማዘጋጃ፣ የግዕዝ መጻፊያውን ሲያሰናዳ በእሱ ላይ መመሥረት ቻለ። ኢማክስ ውስጥ የየቋንቋውን ሰላምታ የሚያሳየው ፋይል ዛሬም የአማርኛ መስመር አለው። በዚያ ዘመን ለየብቻቸው ከተሸጡት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ተረስተዋል፤ አጻጻፉ በግልጽ የተቀመጠው ሥርዓት ግን የማያውቁት ሰው እጅ ገብቶ ሠራ። ይህን ጉዳይ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ የማየው ለዚህ ነው።

ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ በኋላ ሥራው ወደ ትርጉም ዞረ። እ.ኤ.አ. ከ2002 ገደማ ጀምሮ ጂኖም የተባለው ክፍት ምንጭ ዴስክቶፕ የአማርኛ የትርጉም ፋይሎች የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለውን ድርጅት ስም ይዘዋል። ጂኖም በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል። በእያንዳንዱ እትም ዓረፍተ ነገሮች ይጨመራሉ፣ ይለወጣሉ፤ ተከታታይ ከሌለ የአማርኛው ገጽ ቀስ በቀስ በእንግሊዝኛ ይሸፈናል። አንድ ጊዜ ተረባርቦ መጨረስ እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር የለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 ከኦፕን ኦፊስ ተገንጥሎ የወጣው ሊብሬኦፊስ ደግሞ ለልደታዎቹ ጸሐፊዎች የቅርብ ነው። ደብዳቤ ማዘጋጃውም የሒሳብ ሠንጠረዡም በነፃ ይገኛል፤ ማውጫው ብቻ ሳይሆን የእገዛ ገጾቹም በአማርኛ ቀርበዋል። ትርጉሙ የሚሠራው ዌብሌት በተባለ መድረክ ነው፤ እንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር ይታያል፣ በጎ ፈቃደኛው ከሥሩ አማርኛውን ይሞላል። ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። ኪማን የተባለው የመጻፊያ ሶፍትዌርም እ.ኤ.አ. በ2017 ክፍት ምንጭ ሆኗል፤ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የአማርኛ ኪቦርድ የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ ከሚያሳይ የእገዛ ገጽ ጋር ይቀርባል።

የእኛው ሰው ካልጻፈው ሌላው አሟልቶ ሊጽፈው የማይችለው ነገርም አለ። ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 የተባለው ክፍት ምንጭ የጤና መረጃ ሥርዓት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያስተናግዳል። ጳጉሜን አንዳንዴ አምስት አንዳንዴ ስድስት ቀን መሆኗን፣ የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 መጀመሩን፣ በአገራችን ሰዓት ጠዋት አንድ ሰዓት ለሌላው ሰባት ሰዓት መሆኑን የሚያውቀው በየጤና ጣቢያው ሪፖርት የሚሞላው ባለሙያ ነው። የሥርዓቱ መመሪያ ጊትሃብ ላይ ክፍት ስለሆነ እርማቱንም ራሱ ሊልክ ይችላል።

አሁን የሚጎድለው አንባቢ ነው። የተተረጎመን የእገዛ ገጽ ከፍቶ፣ እንደተባለው አድርጎ፣ ውጤቱ ልክ መምጣቱን የሚፈትሽ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ይህን ከማንም በተሻለ የሚችለው ቀኑን ሙሉ አማርኛ የሚተይበው ሰው ነው፤ አንቀጽ እኩል ሲሰለፍ በቃላቱ መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት ያውቃል፣ በድሮ ፊደል የተጻፈ ውል ወደ ዩኒኮድ ሲዞር የትኛው ፊደል እንደሚሳት ያውቃል። እነዚህ ሁለቱ ብቻ እንኳ በአማርኛ ተጽፈው ለፕሮጀክቶቹ ቢላኩ፣ ልደታ ላይ በየቀኑ በቃል የሚጠየቅ ጥያቄ ከነመልሱ በጽሑፍ ይገኝ ነበር።